ፊርማው የማሽን ከሆነ ገንዘብ ይመለስ?

አወያይ፦ ቦብ ዲላን ዘፋኝ ብቻ አይደለም፣ ሥዕልም ይሥላል። ሥዕሎቹ በቁጥር ተወስነው እየታተሙ፣ እየተፈረመባቸው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ጉድ ወጣ። "በእጁ የተፈረመ" ተብሎ በ599 ዶላር የተሸጠ መጽሐፉ ላይ ያለው ፊርማ የአውቶፔን፣ ማለትም ፊርማ የሚገለብጥ ማሽን ሥራ ሆኖ ተገኘ። 900 ኮፒ ነበር። አሳታሚው ገንዘብ መለሰ። ዲላንም ከ2019 ወዲህ ለሥዕል ሕትመቶችም ማሽኑን እንደተጠቀመ አመነ። የሥዕሉ ገዢስ? ገንዘቡ ይመለስለት ወይስ ሥዕሉ ይበቃዋል?

ቪኒል፦ እኔ ሥዕሉን ነው የምገዛው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ዲላን የሣለው የባቡር ሐዲድ ነው እንጂ ጥግ ላይ ያለው የፊርማ ጭረት አይደለም። ደግሞ ሰውየው ሰማንያ ሊሞላው ነበር፣ ማዞር ይዞት ነበር። ሲፈርም አምስት ሰው ተጠግቶ ያግዘው ነበር፤ በኮቪድ ጊዜ እንዴት ይሁን?

ቀለም፦ ሥዕሉ ብቻ ከሆነ ፖስተር ግዛ፣ ይረክስልሃል። ጥግ ላይ 40/295 ሲል ከ295ቱ 40ኛው ነው ማለት ነው። ፊርማው ደግሞ ሠዓሊው ያቺን ወረቀት አይቶ "ትሁን" ማለቱ ነው። ትርፉን ብር የከፈልነው ለዚህ ነው። አሞት ከሆነ ያለ ፊርማ ይሽጠዋ!

ማተሚያ፦ ቆይ እንጂ፣ ሕትመቱም እኮ በማሽን ነው። ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ በ1991 ናሽ ኤዲሽንስን ሲከፍት የያዘው አይሪስ የተባለ ኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም እየረጨ የሚያትም ማሽን ነበር። ዛሬ ጂክሌ የምንለው፣ በኢንክጄት የሚታተም የሥዕል ሕትመት፣ ከዚያ ቤት ነው የወጣው። ቀለሙን ማሽን ሲረጨው ዝም ብለን ፊርማው ላይ እሪ ማለት አይከብድም?

ቀለም፦ አይከብድም። ጂክሌ መሆኑ ተነግሮኝ ነው የገዛሁት። ፊርማው የማሽን እንደሆነ ግን ማን ነገረኝ? እኔን ያናደደኝ ውሸቱ ነው።

ሊቶ፦ ከቀለም ጋር ነኝ። ጆን ሌኖን በ1970 "ባግ ዋን" የተባሉትን ሊቶግራፎች፣ ማለትም ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ የሚታተሙ ሥዕሎች፣ በ300 ስብስብ አውጥቶ በእጁ ፈርሞባቸዋል። ከሞተ በኋላ በሚስቱ በዮኮ ኦኖ ፈቃድ የታተሙም አሉ። እነዚህን እሱ እንዳልፈረመ ገዢው ያውቃል፤ ስለዚህ የተታለለ የለም። ሁለቱም ገበያ አላቸው፣ ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው።

ቪኒል፦ እሺ፣ ይመለስለት። ግን የሚፈልግ ያስቀር። የአውቶፔኑም ነገ ተፈላጊ ሊሆን ይችላል።

ሊቶ፦ እሱ ቁማር ነው ወንድሜ። ይልቅ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሥዕሉን የሸጠው ጋለሪ ገንዘቡን ቢመልስ የሚመልሰው ደረሰኝ ላለው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ያ ሰው ሥዕሉን፣ እውነተኛ ነው ከሚለው ሰርተፍኬት ጋር፣ ለሌላ ሸጦት ከሆነስ? ሁለተኛው ገዢ ማንን ይጠይቅ?