የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ጨርሳ ደሟ አሁንም «ፖዘቲቭ» ነው፤ እንደገና ትጀምር?

የፍኖተ ሰላሟ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ በባዶ ሆዷ ይብስባታል። በደም ምርመራ ኤች ፓይሎሪ አለብሽ ተብላ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ወሰደች። ቃጠሎው ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልለቀቃትም። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ክሊኒክ ደሟን አይተው «አሁንም አለ» ብለው ያንኑ መድኃኒት ጻፉላት። ትጀምረው? የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እስካሁን አላቆመችም፤ ለወገቧ ደግሞ አልፎ አልፎ ዳይክሎፌናክ ትወስዳለች። ዐቢይ ጾምን መፍታትም አትፈልግም።

ላብራቶሪ ማርቆስ፦
እህቴ፣ በዚያ ውጤት ብቻ አታስጀምሪያቸው። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ በአንዳንዱ ሰው ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። የዳነውም ያልዳነውም ፖዘቲቭ ስለሚል መዳንን ለማረጋገጥ አይሆንም።

የሚያስፈልጋቸው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ነው፤ አንቲጂን ማለት የባክቴሪያው የራሱ ክፍል ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተመረመሩ የባክቴሪያው ቁጥር ስለሚቀንስ እያለ «ኔጌቲቭ» ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞሉን የሚያቆሙት ግን ሐኪማቸውን ነግረው ነው። በሁለቱ ሳምንት መሀል ቃጠሎው ካስቸገራቸው የሚታኘከውን አንታሲድ መውሰድ ይችላሉ።

ናሙናው የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል፤ በደረቅ ንጹሕ ዕቃ፣ ሽንትም ውኃም ሳይነካው፣ በወጣበት ቀን ይድረስ። ስትሄዱ «የኤች ፓይሎሪ አንቲጂን» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ «ሰገራ» ከተባለ አሜባና ጃርዲያ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው የሚመለሰው፤ ይህ ባክቴሪያ እዚያ ላይ አይታይም።

ፋርማሲ ቡሬ፦
ላብራቶሪ ማርቆስ ያለው ልክ ነው። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው መድኃኒት እንዴት እንደተወሰደ ጠይቂያቸው። የተለመደው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም እና አሞክሳሲሊን 1 ግራም ሲሆን ሁሉም ጠዋትና ማታ ይወሰዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሞክሳሲሊኑ ላይ ነው። ካፕሱሉ 500 ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ይዋጣል፤ በ14 ቀን 56 ፍሬ ማለት ነው። ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ አጉድለው ነው የወሰዱት። ክላሪትሮማይሲኑም አፍ ስለሚያመርር ሆዱ ቀለል ሲለው መሀል ላይ የሚያቋርጠው ብዙ ነው።

የሰገራው ምርመራ ፖዘቲቭ ካለም ያንኑ መድገም አይመከርም። የተረፈው ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲንን ለምዶት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ እሱ የሌለበትን ጥምረት ያዛል። ሜትሮኒዳዞል ከተጨመረበት ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ በሙሉ ይቅር፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም 3 ቀን ይቆዩ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት ስለሚያደርግ ባክቴሪያ በሌለበትም ያቆስላል። «በመርፌ ስለሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው፤ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ያው ናቸው። ለወገባቸው ጉበታቸው ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ ይውሰዱ።

ነርስ ዳንግላ፦
ስለ ጾሙ፦ የ14 ቀኑ ሕክምና እንደገና ከታዘዘ መቆራረጥ የለበትም፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት መያዝ አለበት። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ሳይታኘክ ይዋጣል። ለታመመ ሰው ንስሐ አባት መላ አያጡም፣ ያነጋግሯቸው። እምቢ ካሉና አደገኛ ምልክት ከሌለ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከፋሲካ በኋላ ማስጀመር ይቻላል። በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም 14ቱ ቀን በምቾት ያልቃል።

በርበሬ ቁስለት አያመጣም፤ ቃጠሎውን ግን ይቀሰቅሳል፣ በተለይ እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ ተቆይቶ አንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ። ተልባ ካስታገሳቸው ይጠጡ፤ ከመድኃኒቱ ሰዓት ግን ይራቅ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው አሉ፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ፣ ደም ያለበት ወይም የጠቆረ ትውከት፣ ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ የሆድ ሕመም። እነዚህ ከታዩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ምግብ ሲውጡ ከተቸገሩ ወይም ደም ማነስ ከተገኘባቸውም ሳይዘገይ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቀጭን ካሜራ ማየት) ያስፈልጋል። ከ50 ዓመት በላይ ስለሆኑ የሰገራው ምርመራ ኔጌቲቭ ብሎ ቃጠሎው ከቀጠለም ያው ነው። ሕመሙ ቅባት ሲበሉ በቀኝ ጎድን ሥር የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ይታይ።

የፍኖተ ሰላሟ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሞክሳሲሊኑን አንድ አንድ ነበር የወሰደችው፤ አሁን ጠየቅኋት። አባቴ አብሯት ነው የሚበላው፣ እሱም ይመርመር?

ላብራቶሪ ማርቆስ፦
ምንም የማያማቸው ከሆነና በቤተሰቡ የጨጓራ ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ከሌለ አያስፈልግም። የሚያቃጥላቸው ከሆነ ግን እሳቸውም በሰገራ እንጂ በደም አይመርመሩ። የእናትሽን የሐኪም ማዘዣና የተረፈውን ካፕሱል ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ምን ያህል እንደወሰዱ አይቶ ነው የሚቀጥለውን የሚወስነው።