አስቸኳይ፦ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለን፣ ዛሬ ጠዋት ማስጠንቀቂያ ደረሰን

የቤቱ ኃላፊ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20)
እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአዝማሪ ቤት አስተዳድራለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ደብዳቤ ሰጡን፤ ድምፁ ካልተቀነሰ ቤቱ ይታሸጋል ይላል። ቅዳሜ ማታ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና ኪቦርድ አለን፤ ልደት የሚያከብሩ ሰዎችም ቀብድ ከፍለዋል። ግድግዳውን በምን ላልብሰው? ስፖንጅ ይሻላል ወይስ ምንጣፍ? በሁለት ቀን መጨረስ አለብኝ።

ባለ ክራር
የእንቁላል ካርቶን። ጓደኛዬ የልምምድ ክፍሉን በእሱ ነው የሸፈነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

ድምፅ ሠራተኛ
ካርቶን አይሠራም፤ ስፖንጅም እንዲሁ። እነዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ያለሰልሱታል እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያስቆሙም። የ50 ሄርዝ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) አንዱ ሞገድ ሰባት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ካርቶን ምን ያደርገዋል? ድምፅን የሚያስቆመው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። ደግሞም ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ጎረቤቱ የት ነው ያለው? ስፒከሮቹ የት ተቀምጠዋል? መድረኩ ከምን ተሠራ?

ሽልማት አቅራቢ
ለካርቶኑ የሚሆን እንቁላል ማን በልቶ ይጨርሳል? በዚህ ኑሮ ውድነት ከማሸጊያው ወረቀት በፊት እንቁላሉ ቤቱን ይዘጋዋል።

ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። አዝማሪ የሕዝብ አፍ ነበር፤ ሹሙንም ባላገሩንም በግጥም ሲነካ የኖረ ነው። ይህች ከተማ ግን መጫወቻ ቤቶቿን አንድ በአንድ እያጣች ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በቃጠሎ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቶቹ አብረው ተበተኑ። አዝማሪ ደግሞ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ደንበኛውን፣ አብሮት የሚጫወተውን፣ ማታ ማታ እያየ የሚማረውን ልጅ ጭምር ነው። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ፈንድቃን ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ሥዕሉንም፣ ግጥሙንም፣ ጭፈራውንም አንድ ጣሪያ ሥር አምጥቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት የሚሟገትለት ሰው ይበዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን...

ሽልማት አቅራቢ
መምህር፣ ቅዳሜ ሳያልፍ ይድረሱልን።

ጎረቤትም ሰው ነው
እኔ ግን ደብዳቤውን ጽፌው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ቤት አጠገብ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ልጄ ጨቅላ ነበረች፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የአልጋው ብረት ይንቀጠቀጣል። «ባህል ነው» ሲሉኝ ከፋኝ። ባህሉ መቼ በኤሌክትሪክ ሆነ? አዝማሪ እኮ ስልሳ ሰው ፊት ያለ ማይክሮፎን ሲጫወት የኖረ ነው። ግድግዳ ከማልበስሽ በፊት ስፒከሩ ለምን እንዳስፈለገሽ ራስሽን ጠይቂ።

የቤቱ ኃላፊ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡05)
አመሰግናለሁ። ጎረቤት ላልከው፣ ተናድጄ ነበር፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን እውነትነት አለው። የድምፅ ሠራተኛ ለጠየቅከው፦ ከኋላችን አምስት ፎቅ ሕንፃ አምና ተሠርቶ አልቆ ሰዎች ገብተውበታል፣ ግድግዳችን ይነካካል። እኛ አሥራ አንድ ዓመት ቆይተናል። መድረኩ የእንጨት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ትልቁ የቤዝ ስፒከር መድረኩ ላይ፣ ጥጉ ጋ ነው ያለው፤ ሌላ ቦታ ሰው ይረግጠዋል ብለን።

ድምፅ ሠራተኛ
በይ ገንዘብሽን ያዢ፤ ግድግዳውን ለጊዜው ተዪው። ውስጡ ባዶ የሆነ የእንጨት መድረክ ራሱ ከበሮ ነው፣ እናንተ ደግሞ ላዩ ላይ ስፒከር ጫናችሁበት። ዛሬውኑ አውርዱት፣ ከጥጉም አርቁት፤ ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ ከሁለቱም ግድግዳ ተመልሶ ይጎላል። ሲሚንቶው ወለል ላይ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉለት። ጎሚስታ ቤት የሚጣል አሮጌ ጎማ ተቆርጦ ይበቃል።

ከዚያ ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማደባለቂያው። የማሲንቆውንና የዘፋኞቹን ማይክሮፎን ከ100 ሄርዝ በታች ቁረጡት፤ እዚያ የሚፈልጉት ነገር የለም። ክራሩም ቤዝ ክራር ካልሆነ እንዲሁ። እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ኪቦርዱን ነው። አብሮት የሚመታው ምትና የግራ እጁ ቤዝ ሲሚንቶ ሰብሮ ይሄዳል። ተጫዋቹ ቢያኮርፍም ቀንሱት። ማሲንቆው ራሱ ጎልቶ ሲወጣ ታያላችሁ።

በሩን ከውስጥ ዝጉና መብራት አጥፉ፤ ከውጭ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ያስወጣል። የጎማ ማሸጊያ ለጥፉበት። ሁለተኛ በር ከፊቱ ቢሠራ ጥሩ ነበር፣ ለቅዳሜ ግን አይደርስም።

ባለ ክራር
ካርቶኑንም ግን ብትሞክሩት አይጎዳም።

ድምፅ ሠራተኛ
ይጎዳል፤ እሳት ይወዳል። መምህር ስለ ጃዛምባ የነገሩንን አላነበብክም እንዴ? አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ነገ ኪቦርዱ እየተመታ ኋላ ያለው ሕንፃ ውስጥ ገብታችሁ ስሙ። የስልክ መለኪያ በፊትና በኋላ ያለውን ለማወዳደር እንጂ ለክርክር አይሆንም፤ ቤዝንም አሳንሶ ነው የሚያሳየው። መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ፣ እሱ አይዋሽም።

ሰነድ አጣሪ
ሁላችሁም ስለ ስፒከር ታወራላችሁ፤ ደብዳቤው ምን ይላል? ተለክቷል ወይስ «ከፍተኛ ድምፅ» ብቻ ነው የሚለው? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ 65ና 55። ማታ የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ አካባቢያችሁ በየትኛው እንደተመደበ ማወቅ የ10 ዴሲቤል ልዩነት አለው። ቁጥር ከሌለበት ልኬት እንዲደረግ በጽሑፍ አመልክቺ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ ቅጂሽ ላይ ማህተም አስመቺ። በቃል የተባለ ነገር ቢሮው ሲቀየር ይጠፋል። ነገር ግን 45 ከተባልሽ በኪቦርድ አታሸንፊም፤ አስቀድመሽ እወቂው።

ከዋሽንግተን
እንግሊዝ አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላን መመሪያው እንዲህ ያለውን ነገር አዲስ መጪው ላይ ነው የሚጥለው፦ ከነበረ የሙዚቃ ቤት አጠገብ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድምፁን የሚከላከልበትን ወጪ ራሱ ይሸፍናል። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ሻው ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የስልክ መሸጫ ለዓመታት ከደጁ የሚያሰማው ጎጎ የሚባል፣ እዚሁ ዋሽንግተን የተወለደ ሙዚቃ በአዲስ ነዋሪ አቤቱታ ጸጥ ተደረገ። ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ፣ ብዙ ሺህ ሰው ፈረመ፣ ሙዚቃው በቀናት ውስጥ ተመለሰ። በዓመቱ ጎጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተባለ። ደንበኞቻችሁን አስፈርሙ።

ጎረቤትም ሰው ነው
እዚያ ሌላ፣ እዚህ ሌላ። አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው ላይ ፊርማ ይዘሽ ብትመጪ ነገሩ እልህ ይሆናል። እኔን ያሸነፈኝ ፊርማ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ፣ ቡና ጠጣን፣ ስልካቸውን ሰጡኝ፤ «ከስድስት ሰዓት በኋላ ከረበሽንዎት ይደውሉ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀነሱት። ሦስተኛ አልደወልኩም።

የቤቱ ኃላፊ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40)
ደብዳቤው ላይ ቁጥር የለም። ስፒከሩን አውርደነዋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ አኩርፏል። ነገ ጠዋት የእድራችንን ዳኛ ይዤ ሕንፃው ጋ እሄዳለሁ። አዝማሪያችን ደግሞ ወሬውን ሰምቶ ይህችን አወጣ፦

እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ጎረቤቴ ከሳ፣
እኔስ ምን ልሁን ነው ከበሮው ሲነሳ?

ጡረተኛ መምህር
«ከሳ» ብሎ ውፍረት መቀነሱን እያወራ «ክስ»ን ያስታውሰናል። ጎበዝ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳይላት።

ሽልማት አቅራቢ
ለዚህስ ግንባሩ ላይ መቶ ብር እለጥፍለታለሁ።

ድምፅ ሠራተኛ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00)
ቅዳሜ እንዴት ሆነ?

ሰነድ አጣሪ (ረቡዕ)
ልኬቱ ተደረገ? ቁጥሩን ብትነግሪን ለሌሎችም ይጠቅማል።

ባለ ክራር (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሠላሳ የእንቁላል ካርቶን አለኝ፣ በነጻ የሚወስድ ካለ።