ለሦስት ወር ትውስት ወደ ጎጃም፦ ከአዲስ አበባ ምን ልያዝ፣ ምኑንስ እዚያው ልግዛ?

ጥያቄ

እንደምን ዋላችሁ። ክሊኒካል ነርስ ነኝ። ለሦስት ወር በትውስት ምሥራቅ ጎጃም ተመድቤአለሁ። መጀመሪያ ሲናን ወረዳ፣ ከዚያ ለወባው ወቅት ወደ ደጀን ቆላ ቀበሌዎች ነው። የምነሣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲሆን መያዝ የምችለው አንድ ሻንጣና አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ከዚሁ ልግዛ ወይስ እዚያ ቡልኮ ይሻላል? የግፊት መለኪያ የራሴን ልያዝ? መብራት፣ ኔትዎርክና ባንክስ? የምታውቁ እህታችሁን ጠቁሙኝ።

ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ የምትሄጂው ሁለት አየር ውስጥ ነው። ሲናን የጮቄ ተራራ ሥር ነው፤ ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ደብረ ማርቆስ ራሷ እንኳ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የደጀን ቆላ ግን ወደ ዓባይ በወረድሽ ቁጥር እየጋለ ይሄዳል። ስለዚህ ለደጋው የሚሆነውን ከባድ ነገር ከአዲስ አበባ አትሸከሚ፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ታገኚዋለሽ፣ ስትወርጂም ለሚተካሽ ሰው ትሸጭለታለሽ። ከቤትሽ የምትይዢው ልኩ ያንቺ የሆነውን፣ ቢበላሽ ወረዳ ላይ የማይተካውን ነው፦ መሣሪያሽን፣ የምትወስጂውን መድኃኒት፣ መነጽርሽን፣ ጫማሽን።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ለሦስት ወር ቡልኮ አልመክርም። ሙቀቱ ወደር የለውም፣ ግን ከባድ ነው፤ በነሐሴና በመስከረም ካጠብሽው ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥበት ይዞ ከታጠፈ ደግሞ ይሻግታል። ሱፍ ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ትንሽ ቢረጥብም ይሞቃል። ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ንፋስ ግን አይመክትም። ለተረኛ ነርስ የሚያዋጣው አንድ ጋቢና አንድ ፍሊስ ነው። ጋቢው ቀን ትከሻ ላይ ይውላል፣ ሌሊት በፍሊሱ ላይ ይደረባል። ወደ ቆላ ስትወርጂ ፍሊሱን ትተሽ በጋቢው ብቻ ትሄጃለሽ።

ጋቢ ስትገዢ ጥለቱን አትመልከቺ፤ ሻጩ ሁልጊዜ ጥለቱን ነው የሚያሳይሽ። መሀሉን ዘርግተሽ ወደ ብርሃን አንሺውና ማጉ ሳስቶ እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ ተዪው። ከዚያ ጫፉን በሁለት እጅሽ እሺው፦ ነጭ ዱቄት ከረገፈ ጨርቁ በስታርች ተወፍሯል፣ አንዴ ሲታጠብ ይሳሳል።

ስፖንጅ ፍራሽ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ግዢ። በመዳፍሽ ተጫኝው፣ ስትለቂው ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ወር ሳይሞላ ወገብሽ ወለሉን ይነካል። መኪና ጣሪያ ላይ ከመጫኑ በፊት መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከላይ በማዳበሪያ ይጠቅለል። ማዳበሪያ ብቻውን ዝናብ ያሳልፋል፣ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ደግሞ በክረምት ፀሐይ አይደርቅም።

ከፍኖተ ሰላም

ስለ መሣሪያ እኔ ልጨምር። የግፊት መለኪያ አዎ፣ የራስሽን ያዢ፤ ባለ ቀስቱን ማኑዋል። ዲጂታሉ ባትሪው ሲደክም ይሳሳታል፣ የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይም አያስተማምንም፤ በእርግዝና የደም ግፊት ደግሞ አንዳንዶቹ ዝቅ አድርገው ያነባሉ። ጤና ጣቢያ ላይ የምትፈሪው ይኼንኑ ነው። ማኑዋሉ የሚበላሸው በመውደቅ ነው። ስለዚህ አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆሙን በየጠዋቱ እዪ። ካልቆመ ልኬቱ ሁሉ ይሳሳታል። ካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው ክፍል) ላይ የተጻፈውን የክንድ ዙሪያ አንብቢ፤ የተለመደው የአዋቂ ካፍ ከ22 እስከ 32 ሴንቲሜትር ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ካሰርሽ ግፊት የሌለበትን ሰው ግፊት አለበት ትይዋለሽ።

ስቴቶስኮፕ ላይ የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው አስመሳዮች ገበያውን ሞልተውታል። ጎማውን እጠፊው፦ ከተሰነጠቀ ወይም እንደታጠፈ ከቀረ ይቅርብሽ። ትርፍ የጆሮ ጎማና ትርፍ ዲያፍራም (ደረት ላይ የሚያርፈውን ስስ ሽፋን) ያዢ፣ ሁለቱም ክብደት የላቸውም።

ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክሲጅን የሚለካውን) ከያዝሽ ሲናን ላይ ንባቡ ከለመድሽው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከፍታው ነው። ጣቱ የቀዘቀዘ ከሆነ አሙቂው፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካለ ጣት ቀይሪ። ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ አትሩጪ፣ አተነፋፈሱን ቁጠሪ።

ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት የግድ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ በጓንትም አይነካም። ፓምፕ በሌለበት በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ጠብታ የምትቆጥሪው በእሱ ነው፦ 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ፣ የፈሳሹ ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ቱቦው ባለ 15 ከሆነ ግን 31 ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን ሳታነቢ አትቁጠሪ።

ጓንት አንድ ፓኮ በልክሽ ያዢ፤ ወረዳ ላይ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው የሚተርፈው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን አሁኑኑ አጣሪ። ሦስቱ ዶዝ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ስለሚሰጥ ካልጀመርሽ በሦስት ወር አይጠናቀቅም፣ ቢያንስ ሁለቱን ወስደሽ ሂጂ። በደረስሽበት ቀን ደግሞ መርፌ ቢወጋሽ የሚወሰደው የኤችአይቪ መከላከያ የት እንደተቀመጠና ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ። ገደቡ 72 ሰዓት ነው፣ ውጤቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ነው የሚሻለው። ሌሊት ቁልፍ ፍለጋ መሄድ የለብሽም።

ከእንጅባራ

ጫማ! ሸራ ጫማ ለክረምት የጎጃም ጭቃ አይሆንም። ሁለት ጥንድ ይበቃሻል፦ ለውስጥ የሚታጠብ ዝግ የላስቲክ ጫማ፣ ለመንገድ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ቦት። ቦቱን በአንድ ቁጥር አስበልጠሽ በወፍራም ካልሲ ለኪው፣ ጣትሽ ጫፉን ከነካ ቁልቁለት ላይ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ሶሉ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ይሁን። ቦቱ ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ይገኛል፤ የሴት ትንንሽ ቁጥሮች ግን ቶሎ ስለሚያልቁ እግርሽ ከ37 በታች ከሆነ ከአዲስ አበባ ያዢ። የቆዳ ጫማ ለከተማው ስብሰባ ካልሆነ በክረምት ትርፍ ሸክም ነው።

ካልሲ ስድስት። በየማታው እግርሽን ታጥበሽ አድርቂ። ታካሚዎችሽ መካከል የእግር ዝሆኔ ያለባቸው ይኖራሉ። የደጋው ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ የሚያመጣው ነው፣ አይተላለፍም። እንዳትሸሺያቸው፣ እግራቸውንም በእጅሽ እጠቢላቸው።

ጃንጥላ በጮቄ ንፋስ ይገለበጣል። ኮፍያ ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ከባሕር ዳር

መብራት ላይ ተስፋሽን በሶላር አትጣይ። በነሐሴና በመስከረም ደመና ትንሿ ሶላር ስልክ ቀርቶ አምፖሏንም በቅጡ አትሞላም። ቆላ ስትወርጂ፣ ከጥቅምት በኋላ፣ ያኔ ታገለግልሻለች። እስከዚያ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ያዢ። ሲሞላ የሚባክነው ተቀንሶ 5,000 የሆነ ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። ሐሰተኛውን በክብደቱ ታውቂዋለሽ፦ እውነተኛው 20,000 ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። እጅሽ ላይ ከቀለለሽ ውስጡ ባዶ ነው።

ግንባር ላይ የሚታሰር የመብራት ባትሪ ከፓወር ባንኩም በላይ እንዳይቀርብሽ። መብራት ሄዶ እናት ስታምጥ ሁለቱም እጅሽ ሥራ ላይ ነው። በተራ ድንጋይ የሚሠራውን ምረጪ፣ ድንጋዩ የትም ሱቅ አለ።

ሲም ሁለት ያዢ። ገጠር ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ሽፋን ሰፊ ነው፣ ሳፋሪኮም ከተማ ላይ ይጠቅምሻል። ዳታ ሊቋረጥ ስለሚችል የሕክምና መመሪያዎችሽን ሁሉ ስልክሽ ላይ አውርደሽ ሂጂ፣ የመድኃኒት ዶዝ ሠንጠረዡን ደግሞ በወረቀት። ገንዘብም እንደዚያው፦ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ዳታ ይሠራሉ፤ ሁለቱንም ከመነሣትሽ በፊት ከፍተሽ ሞክሪያቸው። ኤቲኤም ደብረ ማርቆስ አለ፣ ትንንሽ ከተሞች ላይ አትቁጠሪበት። የወረዳ ከተማ ላይ ከግል ባንኮች ይልቅ ንግድ ባንክና ፀደይ፣ የቀድሞው አብቁተ፣ ቅርብ ይሆኑልሻል። ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ዝርዝር ብር በእጅሽ ይኑር።

ከደጀን

ስለ ቆላው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በደንበኛው ጊዜ ነው የምትወርጂው። አጎበር ከገበያ ከመግዛትሽ በፊት ጤና ጣቢያውን ጠይቂ። የሚታደለው በኬሚካል የተነከረ ነው፣ ሱቅ ላይ ያለው ግን ተራ መረብ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ከማሸጊያው አውጥተሽ አንድ ቀን ጥላ ሥር አናፍሺው። ስታጥቢው በረኪና አትንኪበት፣ ፀሐይ ላይም አታስጪው፤ ኬሚካሉ ይሞታል። አራት ማዕዘኑ አራት ምስማር ይፈልጋል፣ ለኪራይ ቤት በአንድ ገመድ የሚንጠለጠለው ክቡ ይቀላል። ክቡ ግን ጠበብ ስለሚል ክንድሽ መረቡን ከነካ ትንኟ በዚያው ትነድፍሻለች። ጫፉን ፍራሹ ሥር ወትፊ።

ትንኟ ገና ከመሸ፣ ውጭም ስለምትነድፍ አጎበሩ ብቻውን አይበቃም። እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ዲት የሚባል ትንኝ አባራሪ ያለበት የሚቀባ መከላከያ ከአዲስ አበባ ያዢ። የአዲስ አበባ ልጅ ለወባ የተለማመደ ሰውነት የላትም፤ ትኩሳት በተሰማሽ ቀን ተመርመሪ፣ ነገ አትበይ። የመከላከያ መድኃኒት ነገር ከሐኪም ጋር አሁኑኑ ይታይ፣ በተለይ እርጉዝ ከሆንሽ።

ለትኋን ብለው ማላታይን መኝታ ክፍል የሚረጩ አሉ፤ የእርሻ መርዝ ነው፣ አትፍቀጂ። ሻንጣሽን በላስቲክ አስረሽ ከወለል ከፍ አድርጊ፣ አንሶላውን በፈላ ውሃ ቀቅይ።

የመጠጥ ውሃ አፍይ። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ውሃ አጋር (የመጠጥ ውሃ ማከሚያው) ከተገኘ ጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። የደፈረሰውን መጀመሪያ በነጠላ አጥልይ። የልብስ በረኪና ግን ልኩ ስለማይታወቅና ሽቶ ስለሚገባበት ለመጠጥ አይሆንም።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ምድጃና ምግብስ? ደግሞ መንገዱ?

ከደብረ ማርቆስ

የኤሌክትሪክ ምድጃ አትያዢ፤ የኪራይ ቤት ሽቦ ቀጭን ነው፣ አከራይም በጋራ ቆጣሪ አይወድም። እዚያው ትንሽ የከሰል ምድጃ ግዢና ደጅ አብስይበት። ፍሙን ለሙቀት ብለሽ ክፍል ውስጥ ይዘሽ እንዳትተኚ፤ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል። ከቤት በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና የተዘጋጀ ሽሮ ያዢ። ተረኛ ሆነሽ ያደርሽ ዕለት በሶ በቀዝቃዛ ውሃም ይበጠበጣል። በርበሬ አትሸከሚ፣ የጎጃም ገበያ አያሳፍርሽም።

መንገዱን በዋዜማውና በጠዋቱ ለምትሄጂበት ጤና ጣቢያ ደውለሽ አጣሪ፤ ክፍት የነበረ ሊዘጋ ይችላል። የዘወትር መድኃኒት ካለሽ ከሦስት ወሩ ላይ የአንድ ወር ትርፍ ጨምሪ። ትልቁ አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሻላል፣ ሻንጣሽን ሆዱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ ስለሆነ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ግፊት መለኪያውና ስቴቶስኮፑ ከጀርባ ቦርሳው አይውጡ፣ ቦርሳውም ጭንሽ ላይ ይሁን።

ከፍኖተ ሰላም

ወረቀቱን ረስተነዋል። የትውስት ደብዳቤ፣ የሙያ ፈቃድ፣ ፋይዳና የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ኬላ ላይ ስለሚጠየቁ ከላይኛው ኪስ ይቀመጡ። የሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ፣ ስድስት ጉርድ ፎቶ። ዋናውን ዲግሪ ቤትሽ ተዪው፣ ኮፒው ይበቃል። በደረስሽበት ዕለት የመድረሻ ቀንሽ በደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት፤ ከሲናን ወደ ደጀን ስትዛወሪም እንደገና። ውሎ አበል የሚታሰበው ከዚያ ቀን ነው፣ በኋላ ተመልሶ ማስጻፍ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የትራንስፖርት ደረሰኝሽን ፎቶ አንሺው፣ በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ጽሑፉ እየደበዘዘ ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል።