ጥቆማ፦ ከበርጫ በኋላ የትኛው ኪኒን ይሻላል?

አንድ የሥራ ጓደኛዬ «ስቅም ራሴን ይወጋኛል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ከፋርማሲ ምን ልግዛ?» አለኝ። ይህንኑ ከሌሎችም ስለሰማሁ ልጻፈው። ፋርማሲስት አይደለሁም። ለዓመታት ቅሜአለሁ፣ ያገኘሁትንም ኪኒን ስውጥ ኖሬአለሁ። መጠየቅ የጀመርኩት ኋላ ነው።

ለራስ ምታቱ የእኔ ምርጫ ተራው ባለ 500 ፓራሲታሞል ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለበርጫ ቀን አይሆኑም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እስከ ማታ አንድ ጉርሻ አይቀምስም። በባዶ ሆድ ላይ ዲክሎ ሲወርድበት ጨጓራ አይችለውም። ደም ግፊትም አለ። ጫት ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እነዚህ ማስታገሻዎችም እንደዚያው፤ የግፊት መድኃኒትንም ያዳክማሉ። ግፊት ያለባችሁ ይቺን ልብ በሉ።

ፓራም ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ መጠጥ፣ ያለበት ሰው ወይም ጉበቱ የታመመ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት፣ ጠይቆ ይውሰድ። ካፌይን የተጨመረበትን ፓናዶል ኤክስትራ ግን ተዉት። በአንዱ ፍሬ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ፤ እንቅልፍ አጥቶ ለሚገላበጥ ሰው ምን ሊረባ? የጉንፋን ኪኒንም ካርቶኑን አንብቡ። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱት ፌኒሌፍሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን ካሉበት ይቅር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን የሱዶኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልብ ላይ አንዱን በሌላው መደረብ ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ስሙ ላይ «ፒኤም» የሚል ኪኒን አይጠፋም። አክስቴም አንድ ብልቃጥ አምጥታልኝ ነበር። አንድ እሁድ ከምርቃና ለመውረድ ሁለት ቢራ ጠጣሁ፣ ሁለት ፍሬም ዋጥኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል፣ ልቤ ይደልቃል። ሽንት ቤት ቆሜ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ጠብ አይልም። የቧንቧ ውሃ ከፍቼ ድምፁን እየሰማሁ ነው በስንት መከራ የመጣልኝ። ጠዋት ደግሞ ለራስ ምታቱ ሁለት ፓራ ጨመርኩ። ብልቃጡን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፦ በእያንዳንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ 25 ሚሊ ግራም ዳይፌንሃይድራሚን። አሜሪካኖች ፓራሲታሞልን አሲታሚኖፌን ስለሚሉት ሳላውቅ ደራርቤ ወስጃለሁ።

ዳይፌንሃይድራሚን የድሮ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የሚያስተኛውም በጎንዮሽ ውጤቱ ነው። የጫትን ኃይል አያጠፋውም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ልብ ያስሮጣል። ይህን ሁሉ ጫቱ ራሱ ጀምሮታል። ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶች ጭራሽ እንዳይነኩት። ቢራ ሲጨመርበት ደግሞ ድንዛዜው ይብሳል። ሌላው የእንቅልፍ ኪኒን፣ ሜላቶኒን፣ በዚህ በኩል ቀለል ይላል፣ ግን በምርቃና ላይ ያለ ሰው ላይ ብዙ አትጠብቁበት። አሜሪካ ውስጥም የሚሸጠው እንደ ምግብ ማሟያ ስለሆነ መጠኑ ከተጻፈው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ፋርማሲ? አዲስ አበባ ላይ እኔ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ነው የምሄደው። ወረፋው ያሰለቻል፣ ግን ተራውን ፓራ ስትጠይቅ ውድ ብራንድ ይዘው አይከራከሩህም። የሰፈር ፋርማሲ እስከ ማታ ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው። ግን አንዱ ያለ ማዘዣ ዳያዜፓም የሚባል የሚያደነዝዝ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶኛል፣ ስንት ሰዓት እንደቃምኩ እንኳ ሳይጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። መድኃኒት ጉዳት ካደረሰባችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው። የደረት ሕመም ከመጣ ግን ኪኒን መምረጥ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ለጓደኛዬ ከፋርማሲ ያስገዛሁት አንድ እሽግ ፓራ ብቻ ነው። የቀረውን በሰዓት አስተካከልነው። ካቲን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ 12 ሰዓት ድረስ ሲያመነዥክ የነበረው ሰውዬ አሁን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ገራባውን ይጠርጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ባይርበውም ሽሮውን ይበላል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ይተኛል። ባልቃመበት ቀን ግን ዱካክ፣ ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ያስጮኸዋል አለችኝ ባለቤቱ። ለዱካኩ ኪኒን አልጠቆምኩትም፤ ጥቂት ቀን ይታገሱት ብያታለሁ።