ጥቆማ፦ ፎልስ ቸርች ሲቲ፣ አሌክሳንድሪያ ወይስ ፌርፋክስ? ለልጆች ትምህርት ብላችሁ የት ተከራያችሁ?

የማክዳ እናት፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ ልንሻገር ነው። የባለቤቴ ሥራ ሬገን ኤርፖርት ሆነና ቤልትዌይ ላይ ዕድሜው እያለቀ ነው። በአዲሱ የትምህርት ዓመት ትልቋ ስድስተኛ ክፍል፣ ትንሹ ኪንደርጋርተን ይገባሉ። የምንፈልገው ሁለት መኝታ፣ ቢበዛ 2,500 ዶላር። አንዷ «ፎልስ ቸርች ሲቲ ግቢ፣ ትንሽ የትምህርት ዲስትሪክት ነው፣ አስተማሪዎቹ ልጁን ከነወንድሙ ያውቁታል» አለችኝ። ሌላዋ «አሌክሳንድሪያ እያለ!» ብላ ተቆጣችኝ። እኛ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲው በሙሉ አንድ ዲስትሪክት ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ አናውቅም። ትምህርት ቤቶቹን ማን ነው የሚያስተዳድራቸው? ገንዘቡስ ከየት ነው? ውጤቱ እንደሚወራው ነው? እባካችሁ ልጅ ያላችሁ ብቻ መልሱልኝ።

ታክሲው፦ ልጅ የለኝም፣ ግን ልመልስ። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ግቡ። እንጀራው፣ ቡናው፣ ሥጋ ቤቱ ሁሉም በእግር ነው። ልጅ የትም ይማራል።

ዌስት ኤንድ፦ አሌክሳንድሪያ! ሌላ ቦታ አትድከሚ። ሦስቱም ልጆቼ እዚያው ተምረው ወጥተዋል፣ አንዱ ኢንጂነር ነው። ከትምህርት ቤት የሚላክልሽ ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ ይመጣል። ለወላጅ ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቀሽ ነው የምትገቢው። ፎልስ ቸርች ውስጥ ስንት ሐበሻ ታገኛለሽ?

ስካይላይን 14ኛ ፎቅ፦ የኔ እህት፣ የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺ ዳኚው። ቤት ያፈላለገልን ሰው «ፎልስ ቸርች ነው፣ ትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው» አለን። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይም ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ተብሎ ተጽፏል። ለዚያ ስም ብለን ካየነው ሌላ አፓርታማ በወር 200 ዶላር ጨምረን ፈረምን። ነሐሴ ላይ ሊዙን፣ የመብራት ቢሉንና የክትባት ወረቀቱን በፕላስቲክ ፋይል ይዤ ልመዘግብ ሄድኩ። ልጄ አዲሱን ቦርሳውን ባዶውን አዝሎ አብሮኝ ቆሟል። ሴትዮዋ አድራሻውን ጻፈች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ፎልስ ቸርች ሲቲ የምትባለው ካርታው ላይ አንድ ቁራሽ ድፎ ታክላለች። የኛ ሕንፃ ከመስመሩ ውጪ ነው፣ ያውም ብዙ ራቅ ብሎ። «የእናንተ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው» አለችኝ በትሕትና። ልጁ «ማሚ፣ አልተቀበሉኝም?» ሲለኝ መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር።

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ ውይ የኔ እናት! ማነው ሰውዬው? ስሙን አውጪውና ሌላም ሰው ይጠንቀቅ።

ስካይላይን 14ኛ ፎቅ፦ አላወጣም። ክርስትና ላይ አንድ ገበታ ነው የምንቀርበው።

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ እንዲህ እያልን ነው የሚጫወቱብን!

ዝምተኛው፦ 200 በ12 ወር 2,400 ዶላር። ለፖስታ ላይ ስም ርካሽ ነው። በዚህ ዋጋ የሀብታሞቹን ሰፈር ማክሊንንም ያስጽፉልሽ ነበር።

ስካይላይን 14ኛ ፎቅ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። አንተ ላይ ሲደርስ እናያለን።

የውል ነገር፦ እህቴ፣ ሊዙ ላይ የትምህርት ቤት ስም ተጽፏል? ወይ በቴክስት ልኮልሻል? በቃል ብቻ ከሆነ መያዣ የለሽም። ለሌሎቻችሁም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯችሁ «በጽሑፍ ላክልኝ» በሉ። የሚያውቅ ይልካል፣ የማያውቅ ስልኩ ይበላሽበታል።

ታክሲው፦ እኔ የምለው፣ ያ ከጋዝ ማደያው ጀርባ የነበረው ክትፎ ቤት ተዘጋ እንዴ?

የሜሪዲያን እናት፦ የማክዳ እናት፣ ልጅ ያላችሁ ብለሽ የለ፣ እኔ ፎልስ ቸርች ሲቲ ነው የምኖረው፣ ተከራይ ነኝ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፣ ረዘም ይላል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሲቲ ማለት ከካውንቲ ውጪ ነው፣ እንደ ሜሪላንድ በካውንቲው ሥር አይደለም። ፎልስ ቸርች በ1948 ከፌርፋክስ ወጥታ ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች፣ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም ይሄው ትምህርት ቤት ነው። ስፋቷ ሁለት ስኩዌር ማይል ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 14,658 ነበር። ፖስታ ቤቱ ግን ይህን ድንበር አያውቅም። ዚፕ ኮድ 22041፣ 22042፣ 22044 ሁሉ «ፎልስ ቸርች» ይባላሉ፣ ሁሉም ፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። የሲቲው 22046 ነው፣ እሱም ቢሆን የካውንቲ ቤት ይገባበታል። ይባስ ብሎ «ፎልስ ቸርች ሃይ ስኩል» የሚባለው የፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው! የሲቲው ሃይ ስኩል ሜሪዲያን ነው፣ እስከ 2021 ጆርጅ ሜሰን ይባል ነበር።

ለማጣራት ኤጀንት አትጠይቂ። ካውንቲውም ሲቲውም አድራሻ ስትጽፊበት የሚነግርሽ ገጽ አላቸው። ከዚያም ቀላል ነገር አለ፦ ቤቱን ልታዪ ስትሄጂ ሊፍት ውስጥ ያገኘሽውን ጎረቤት «የመኪና ታክስ ቢል ከማን ነው የሚመጣልህ?» በይው። ቢሉን የሚልከው ነው ልጅሽን የሚያስተምረው።

የማክዳ እናት፦ የመኪና ታክስ? በየዓመቱ?

ታክሲው፦ ሃሃሃ፣ እንኳን ወደ ቨርጂኒያ በሰላም መጣሽ!

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ አዎ፣ በየዓመቱ፣ በመኪናው ግምት ነው። ሜሪላንድ የለም። እኔ 2019 ቶዮታዬን ይዤ ስገባ አላመንኩም ነበር። አሮጌዋን ይዘሽ ነይ።

ዝምተኛው፦ ጥያቄው የትምህርት ቤት ነበር። አሁን ክትፎና ቶዮታ ላይ ነን። ቀጥሉ።

የሜሪዲያን እናት፦ ልጨርስላት። ሲቲው ውስጥ «የትኛው ትምህርት ቤት ይደርሰኛል» የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ልጅ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው፦ ማውንት ዳንኤል እስከ ሁለተኛ፣ ኦክ ስትሪት እስከ አምስተኛ፣ ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን እስከ ስምንተኛ፣ ከዚያ ሜሪዲያን። ያንቺ ትልቋ ሄንደርሰን፣ ትንሹ ማውንት ዳንኤል ይሆናሉ። የሚያስቀው ማውንት ዳንኤል ሕንፃው ራሱ የቆመው ፌርፋክስ ካውንቲ መሬት ላይ ነው። ተማሪው በጠቅላላ ከ3,000 በታች ነው።

አስተዳደሩ፦ ሰባት ሰው ያለው ስኩል ቦርድ አለ፣ ሕዝብ ነው የሚመርጠው፣ ለአራት ዓመት። ሱፐርኢንቴንደንቱን (የትምህርት ቤቶቹን የበላይ ኃላፊ) የሚቀጥረው ቦርዱ ነው። ግን ቦርዱ ግብር መጣል አይችልም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የትም አይችልም። በብርዱ ወራት በጀቱን ይሠራና ለሲቲ ካውንስል ያቀርባል። ካውንስሉ በግንቦት አካባቢ የቤት ግብሩን መጠንና ለትምህርት ቤት የሚሰጠውን ይወስናል፣ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ አስተማሪ ሲቀነስ ቦርዱ ላይ ብቻ የሚጮህ ሰው ግማሹን ነው የጮኸው።

ገንዘቡ፦ ስቴቱ ለእያንዳንዱ ከተማና ካውንቲ «የመክፈል አቅም» የሚል ቁጥር ያወጣል። ግማሹ ከቤትና መሬት ግምት፣ 40 በመቶው ከነዋሪው ገቢ፣ 10 በመቶው ከሽያጭ ነው የሚሰላው። ጣሪያው 0.8 ነው፣ ፎልስ ቸርች ሲቲም አሌክሳንድሪያም አርሊንግተንም ጣሪያው ላይ ናቸው። ትርጉሙ፣ ስቴቱ ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው ወጪ 80 በመቶውን ራሳችሁ ቻሉ ማለት ነው። ከዝቅተኛው በላይ ያለው ደግሞ በሙሉ የከተማው ነው። ለዚህ ነው የቤት ግብሩ ከጎረቤቶቹ ከፍ የሚለው፣ በ100 ዶላር ግምት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም አካባቢ።

ዌስት ኤንድ፦ አየሽ? አሌክሳንድሪያ ግብሩ ከዚያ ያንሳል። ቦርዱም ዘጠኝ ሰው ነው፣ ከሦስት ሰፈር ሦስት ሦስት። ሃይ ስኩሉ በቨርጂኒያ ትልቁ ነው። ሚኒ ሃዋርድ የሚባለውን አዲሱን ሕንፃ ሄደሽ እዪው፣ በ2024 ነው የተከፈተው።

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ ትልቁ መሆኑ ነው እኮ ሰውን የሚያስፈራው ጋሼ።

ዌስት ኤንድ፦ የፈራ ይመለስ። የኔ ልጅ ኢንጂነር ነው አልኩሽ።

ዝምተኛው፦ አንዱ ኢንጂነር ነው። ስለ ሁለቱ ዝም ብለናል።

ዌስት ኤንድ፦ አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ መሰለኝ።

ሾፌር ነኝ፦ ተከራይ ከሆንን የቤት ግብሩ እኛን ምን አገባን?

የሜሪዲያን እናት፦ ወንድሜ፣ አከራይህ ከኪሱ የሚከፍል መሰለህ? ኪራይህ ውስጥ ነው ያለው። የማክዳ እናት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲቲው ውስጥ በ2,500 ሁለት መኝታ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኛ በከተማው የአፎርደብል (የቅናሽ ኪራይ ቤት) ፕሮግራም ወረፋ ጠብቀን ነው የገባነው። ውድ ያደረገውም ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። በ2017 ሕዝቡ ለአዲሱ ሃይ ስኩል 120 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጸደቀ። ዕዳውን ለማገዝ ከድሮው ሃይ ስኩል ግቢ 10 ኤከር ያህል ለረጅም ዘመን በሊዝ ሰጡት። አሁን ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ አፓርታማና ሆቴል ቆሟል።

ውጤቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የሚባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሙም ከ1981 ጀምሮ ነው። ግን የፈተና ቁጥር ብቻ አይተሽ አታወዳድሪ። እዚህ ድሃ ልጅ ጥቂት ነው፣ እንግሊዝኛ አዲስ የሆነበት ልጅም ጥቂት ነው። አሌክሳንድሪያና የፌርፋክሱ ስካይላይን ዙሪያ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ ሁሉ ተቀብለው ነው የሚፈተኑት። ስቴቱ ውጤቱን በቡድን በቡድን ከፍሎ ያወጣል። እንግሊዝኛ ተማሪ የሚለውን መስመር ነው ማየት ያለብሽ፣ ያንቺ ልጆች እዚያ ከሆኑ። የኔ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ሐበሻ እሷ ብቻ ናት። ትንሽ መሆን ይሄም አለው።

የማክዳ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የባለቤቴ እህት 22046 ነው ያለችው፣ ሲቲው ውስጥ እንኳ ባንገባ በሷ አድራሻ ማስመዝገብ ይቻል ይሆን?

ሾፌር ነኝ፦ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ማን ያያል።

የውል ነገር፦ ተው ወንድሜ፣ ሰው አታስበላ። አድራሻ ዋሽቶ ማስመዝገብ በቨርጂኒያ ሕግ ክላስ 4 ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው። እስከ 250 ዶላር ቅጣት አለው፣ ከዚያ በላይ የሚያቃጥለው ግን ልጁ የተማረበትን ክፍያ ሊያስመልሱሽ መቻላቸው ነው። በዚያ ላይ እህቲቱን ታስገቢያታለሽ።

ስካይላይን 14ኛ ፎቅ፦ እኔም ያኔ እንደዚያ አስቤ ነበር፣ ፈርቼ ተውኩት። የተናደድኩት ሰውዬው ላይ ነው እንጂ አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፌርፋክስ ትልቅ ነው፣ ቦርዱ 12 ሰው፣ ተማሪው 180,000 ያህል። ግን ልጅሽ የሚውለው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ካውንቲው በአማርኛ የምትደውይበት የወላጆች መስመር አለው። የሰፈራችን ሃይ ስኩል ጀስቲስም አይቢ አለው። ሊዛችን ሲያልቅ ባለቤቴ «ወደ ሲቲው እንሂድ» ሲል ልጁ አለቀሰ። አልሄድም አለ። ጓደኞቹ ሁሉ አንድ ባስ ላይ ናቸው።

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ ታዲያ 2,400ውን ሰውዬው ይመልስልሽ!

ስካይላይን 14ኛ ፎቅ፦ ለፋሲካ በግ ልኮልናል። ባለቤቴ ተቀበለው።

ዝምተኛው፦ በጉ የመጣው ከየትኛው ዲስትሪክት ነው?

ሾፌር ነኝ፦ ሳላስበው ሳቅሁ።

የሜሪዲያን እናት፦ የማክዳ እናት፣ የቀረ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ዜግነት ባይኖርሽ እንኳ ቦርዱ ስብሰባ ላይ ስምሽን አስመዝግበሽ መናገር ትችያለሽ። ድምፅ መስጠት ነው ዜግነት የሚጠይቀው።

የማክዳ እናት፦ እሺ እህቴ፣ ቅዳሜ ሁለት ቤት እናያለን፣ አንዱ 22046 ይላል። ሊፍት ውስጥ ሰው እጠይቃለሁ።

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትወጪ ሶፋሽን የምትሸጪው ከሆነ እኔ አለሁ።

የማክዳ እናት፦ ፎቶ እልክልሻለሁ።

የውል ነገር፦ ሦስት ሳምንት አለፈ። የማክዳ እናት፣ የት ገባችሁ በመጨረሻ?

ሀና ዘቨርጂኒያ፦ ሶፋውን ወስጃለሁ፣ በጣም ቆንጆ ነው። የት እንደገቡ ግን ሳልጠይቃት ረሳሁ።

ታክሲው፦ ክትፎ ቤቱ አልተዘጋም፣ ወደ ኮሎምቢያ ፓይክ ነው የዞረው።