ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመድቤያለሁ፤ በኦንላይን ከየት ልማር?

ጥያቄ፦ ነርስ ከወሎ

ሰላም ለሁላችሁ። አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። እስካሁን የአዋቂዎች ዋርድ ነበርኩ፤ አሁን ኤንአይሲዩ (የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል) ተመደብኩ። ሥልጠና ይመጣል ይባላል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሲኒየሮቹ ደግ ናቸው፣ ግን ሥራው ፋታ ስለማይሰጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በነፃ የሚገኝ፣ ኔት ሲጠፋም የሚሠራ ትምህርት ታውቃላችሁ? ሰርተፍኬቱስ ለፈቃድ እድሳት ይያዝልኛል? ቴሌግራም ላይ ያልገባሁበት ግሩፕ የለም። ፒዲኤፍ ይጎርፋል፤ የቱን ማመን እንዳለብኝ ግን ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ የኤንአይሲዩ ነርስ፣ ጎንደር

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፤ ከለመድሽው በኋላ ግን ሌላ ዋርድ ውሰዱኝ አትይም።

ከፒዲኤፉ ልጀምር። የመድኃኒት መጠንና የፈሳሽ ስሌት ከግሩፕ አትውሰጂ። ጤና ሚኒስቴር ያወጣው የኤንአይሲዩ ፕሮቶኮል አለ፤ ክፍላችሁ ውስጥ ከሌለ ኃላፊሽን ጠይቂ። ሌላ ሰነድ ሲደርስሽ መጀመሪያ ማን እንዳወጣውና ዓመቱን እይ። ለምሳሌ ካንጋሮን፣ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ መያዝን፣ ውሰጂ። የቆዩ ጽሑፎች «ሕፃኑ እስኪረጋጋ ጠብቁ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ወጣ። ወዲያው እናታቸው ደረት ላይ የተደረጉት ትንንሽ ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ቀየረ፦ እንደተወለደ በተቻለ ፍጥነት ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት። ራሱን ችሎ መተንፈስ ያልቻለ፣ ሾክ ውስጥ ያለ (የደም ዝውውሩ የተዳከመ) ወይም ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የሚያስፈልገው ሕፃን ግን ይቆያል። ግሩፑ ውስጥ አሁንም የሚዞረው አሮጌው ነው።

ለመማር የግሎባል ኸልዝ ሚዲያ ፕሮጀክት ቪዲዮዎችን አስቀድሚ። አጫጭር ናቸው፣ የተቀረጹትም እንደኛ ባለ ሆስፒታል ነው። የአፍንጫ ቱቦ ማስገባት፣ በኩባያ መመገብ፣ የአደጋ ምልክቶች፣ ሁሉም አለ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅትን የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ ያዢ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

ሲስተርዬ፣ «ሴፍ ዴሊቨሪ» የሚባለውን አፕ ጫኚ። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ነው ያዘጋጀው። አማርኛም ኦሮምኛም አለው። አንዴ ካወረድሽው ያለ ኔት ይሠራል። ስሙ የወሊድ ቢሆንም መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን ስለ መርዳት፣ በዝቅተኛ ክብደት ስለተወለዱም ያስተምራል። መጀመሪያ የተፈተሸውም እዚሁ፣ ምዕራብ ወለጋ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም የባለሙያዎቹ እውቀትና ክህሎት በግልጽ መሻሻሉን አሳይቷል። የሞት መጠን ላይ ያመጣው ለውጥ ግን በጥናቱ እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ይህን የምልሽ አፕ ብቻውን ነርስ እንደማያደርግ እንድታውቂ ነው።

መልስ፦ የሲፒዲ አስተባባሪ

ስለ ሰርተፍኬቱ። ለፈቃድ እድሳት የሚያዘው እውቅና ካለው የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሰጪ የተገኘ ነጥብ ነው። ከውጭ ድረ ገጽ ያወረድሽው ወረቀት እውቀትሽን ያሳድጋል፣ ሲቪሽንም ያሳምራል። በራሱ ግን ነጥብ ይሆናል ብለሽ አትቁጠሪ። ሚኒስቴሩ የራሱ የኢለርኒንግ መድረክ አለው፤ ከእሱ ጀምሪ። ኮርሱን ከመክፈትሽ በፊት ነጥብ ይኑረው አይኑረው አረጋግጪ። ጨርሰሽ መጠየቅ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ነርስ ከወሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማታ ማውረድ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ባብል ሲፓፕ (ሕፃኑ እንዲተነፍስ በአፍንጫው አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) አለን። ዲዩቲ ላይ ብቻዬን ስሆን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ምን ምኑን ልከታተል?

መልስ፦ የኤንአይሲዩ ነርስ፣ ሜሪላንድ

እኔ ከአገር ቤት ወጥቼ እዚህ አሜሪካ ነው የምሠራው። መሣሪያው ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ግፊቱን የሚወስነው ቱቦው ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውኃ የገባበት ጥልቀት ነው። 5 ሴንቲሜትር ከገባ፣ ግፊቱ 5 ሴንቲሜትር ውኃ ነው። ስለዚህ የውኃውን ከፍታ በየጊዜው እይ። አረፋው ከቆመ የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል። ፕሮንጉ (አፍንጫው ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ጠቦት ወይም ወልቆ ይሆናል፣ የሕፃኑ አፍ ተከፍቶ ይሆናል፣ አለዚያ ቱቦው ተላቋል። ከሕፃኑ ጀምረሽ ወደ ጠርሙሱ ተከተዪው።

አፍንጫውን አትርሺ። ፕሮንጉ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ያለውን ስስ ሥጋ ከተጫነው ያቆስላል። አረፋው እየፈላ ነው ብለሽም አትዘናጊ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ፣ እያቃሰተ ከሆነ ሐኪሙን ጥሪ። ኦክስጅን ላይ ያለ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሙሌቱ (በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። 100 ሲሆን ደስ አይበልሽ። የበዛ ኦክስጅን የሕፃኑን ዓይን ይጎዳል።

ግሩፖቹ ላይ አርኤንሲ-ኒክ የሚባለውን የአሜሪካ የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች ፈተና የሚያስጠኑ አሉ። ለመፈተን የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፈቃድና በክፍሉ የ2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። አሁን ገንዘብሽን አታውጪበት። ከሌላ አገር ባልደረቦች ጋር መገናኘት ከፈለግሽ ኮኢን የሚባለው ዓለም አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች ምክር ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሠራ ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ

ሂናሪን ማንም አላነሳውም። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለእኛ ዓይነት አገሮች ጆርናል በነፃ ይከፍታል። የሚገባው በተቋም ስም ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ጠይቂ። ደግሞ እባካችሁ፣ ምክር ለመጠየቅ ብላችሁ የሕፃን ፎቶና ካርድ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ዕድሜውን፣ ክብደቱንና ምልክቱን መጻፍ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ነርስ ከወሎ

አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚሰጠው) ግን በቪዲዮ ይለመዳል?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

አይለመድም። እጅሽ ማስኩን ገጥሞ ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለብሽ። ማዋለጃ ክፍላችሁ ኒዮናታሊ የምትባለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ሳይኖራት አይቀርም፤ ከቀደሙ ሥልጠናዎች የተረፈች። ብዙ ቦታ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ነው የምትገኘው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ።