የውጭ ልጅ ያነሳው ዋንጫ ያንሳል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ አይስ ሆኪ፣ በበረዶ ላይ በዱላ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አትሳቁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን «ልጄ ሚኒሶታ ሆኪ ይጫወታል፣ አሁን የካናዳ ልጆች ኮሌጁን ሊሞሉት ነው» ብሎ ጽፎ እስከ ሌሊት ተጨቃጨቃችሁ። ላልሰማ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ በካናዳ ዋናዎቹ የወጣቶች ሊጎች የተጫወተን ልጅ እንደ ፕሮፌሽናል ቆጥሮ ያግድ ነበር። በኖቬምበር 2024 ያንን ሻረ፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ በሩ ተከፍቷል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የኮሌጅ ዋንጫ ለአገር ልጅ ያድላ ወይስ ለቻለ ሁሉ ይሁን? ስድብ የለም።

የሚኒሶታው አባት፦ ነገሩን የጫርኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጀምር። ይሄ ጠብ ትናንት የመጣ አይደለም። 1954ን ውሰዱ። ያኔ ዋንጫው በየዓመቱ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ብሮድሙር ሆቴል የበረዶ ሜዳ ላይ ነበር የሚካሄደው። የሚጠሩት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው። የኛው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በግማሽ ፍጻሜ ቦስተን ኮሌጅን 14 ለ 1 ቀጠቀጠ። በፍጻሜው ከኒውዮርክ የመጣ ሬንሴለር የሚባል የምህንድስና ትምህርት ቤት ገጠመውና በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ረታው። ሬንሴለርን ወደ ላይ ያወጡት የካናዳ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ሚኒሶታን 7 ለ 3 ያሸነፈው ሚሺጋን ነው፤ እሱም በካናዳውያን የተሞላ።

የሚኒሶታው አሰልጣኝ ጆን ማሪውቺ ኤቭለዝ የምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ልጅ ነው። ኮከቡ ጆን ማያሲችም የዚያችው ከተማ ልጅ። ሰውየው ሁለት ዓመት በተከታታይ በፍጻሜ ተሸንፎ ሲመለስ ምን እንደተሰማው አስቡት። የሰፈሩን ልጆች አሰልፎ ከጎረቤት አገር ምርጦች ጋር ነው የገጠመው። ያ እልክ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ዴንቨር ታክሲ፦ ወንድሜ፣ እልክ ብቻ አይደለም፣ ኩርፊያም ነበረው። ማሪውቺ የኛን ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ «በዕድሜ የገፉ ካናዳውያን ነው የምታሰልፉት» ብሎ ለዓመታት አልጫወትም አለ። በ1958 ሁለቱም የነበሩበት ሊግ ራሱ በዚህ ጭቅጭቅ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ዴንቨር ዋንጫውን የወሰደው የት ነው? ሚኒያፖሊስ፣ እናንተው አዳራሽ ውስጥ! ሰሜን ዳኮታን 6 ለ 2። ሃሃ። ከዚያ 1960፣ 1961፣ 1968፣ 1969። የ1961ዱ ፍጻሜ 12 ለ 2 ነው ያለቀው። አሰልጣኙ መሪ አርምስትሮንግ የሳስካችዋን ሰው ነው። ልጆቹን ከሚያውቀው አገር ባያመጣ ከየት ያምጣ? ያኔ ኮሎራዶ ውስጥ በረዶ ላይ የሚሮጥ ልጅ ስንት ነበረና!

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ እኔ ሆኪ የማውቀው ገና ነው 😅 በጠማማ ዱላ እሩሯን ማባረር። ዳኛ የለ፣ ዕድሜ የሚጠይቅ የለ። ጢማም ጎረምሳ ከአስር ዓመት ልጅ ጋር ይሰለፋል፣ ቅልጥም ይሰበራል፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ይታለፋል። ፈረንጆቹም ይቆጣሉ እንዴ?

ዴንቨር ታክሲ፦ ይቆጣሉ እንጂ! በ1976 እዚሁ ዴንቨር፣ ሚኒሶታና ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ጨዋታው ከተጀመረ ገና አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ተቀያሪው ሳይቀር ሜዳ ገብቶ ተደባደበ። ዋንጫውን ሚኒሶታ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1980 ኦሎምፒክ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች ባንድ የአሜሪካ ማልያ ሶቪየትን አሸነፉ።

የሚኒሶታው አባት፦ አመሰግናለሁ፣ ያንኑ ልል ነበር። የ1980ውን ቡድን ያሰለጠነው ኸርብ ብሩክስ ነው። በ1974፣ በ1976 እና በ1979 ለሚኒሶታ ዋንጫ ያመጣው በአገር ልጆች ነው። የ1980ው ቡድን 20 ሰው ነበር፤ 12ቱ ከሚኒሶታ። ማሪውቺ የአገር ልጅ ቦታ ያግኝ ብሎ ባይሟገት እነዚያ ልጆች የት ይበስሉ ነበር? ቦታውን ለተዘጋጀ ሰው ከሰጠኸው የራስህ ልጅ መቼም አይዘጋጅም።

ነርሷ ከቦስተን፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር አደባልቀሃል። አንዱ ዕድሜ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ 23 ከሆነው ጋር ግድግዳ ላይ ሲላተም ፍትሐዊ አይደለም፣ እስማማለሁ። ሌላው ፓስፖርት ነው። ዕድሜው ካስቸገረህ የዕድሜ ገደብ አውጣና ለሁሉም እኩል ይሁን። እዚህ ቦስተን በ1973 ሁለት ካናዳውያን ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ሄደዋል። በካናዳ የወጣቶች ክለብ ማደሪያና ቀለብ ስለተቻላቸው «ፕሮፌሽናል ናችሁ» ተባሉ። አሜሪካዊው ልጅ ግን በግል አዳሪ ትምህርት ቤት እየተማረ ወጪው ቢሸፈንለት ማንም አይጠይቀውም ነበር። ዳኛው ለካናዳውያኑ ፈረደ።

ጋሼ ከዲሲ፦ ልጆች፣ እኔ በረዶ ላይ ቆሜ እንኳ አላውቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሕግ እኛንም ነክቷል። እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1971 የእግር ኳስ ቡድኑ፣ የአፍሪካና የካሪቢያን ልጆች የተሰለፉበት፣ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ የኤንሲኤኤን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በምርመራ ነጠቁት። ከክሶቹ አንዱ የውጭ ተማሪ ሕግ ነበር። ከ19 ዓመቱ በኋላ በአገሩ ለቡድን የተጫወተ የውጭ ተማሪ፣ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የኮሌጅ የጨዋታ ዓመት ይቆረጥበት ነበር። አሜሪካዊው እንደዚያው ቢጫወት አይነካም ነበር። ሃዋርድ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤትም ያንን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። ዋንጫው ግን አልተመለሰም። በ1974 እንደገና ሴንት ሉዊስን 2 ለ 1 አሸንፈው ሌላ ወሰዱ፤ እሱን ማንም አልነካባቸውም። እናም «በዕድሜ የገፋ የውጭ ሰው» የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ ጋሼ እርስዎማ ጨረሱት 👏

የሚኒሶታው አባት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልጨረሱትም። የኛን ቤት አያውቁትም። ቅዳሜ ከሌሊቱ አስር ተኩል ይደወላል። ውጭው ከዜሮ በታች 20። ልጁ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እግሩን ይሰጠኛል፣ እኔ ተንበርክኬ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ገመድ እስበዋለሁ። ካልጠበቀ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፣ ከጠበቀ ያለቅሳል። ጣቴ ላይ ገመዱ የቆረጠው ምልክት አለ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እየተቀያየርኩ፣ ያገለገለ ዕቃ እየገዛሁ እዚህ አድርሼዋለሁ። አሁን ደግሞ ከካናዳ የ20 ዓመት ጎልማሳ መጥቶ ቦታውን ይውሰድ? ኮሌጅ እኮ በቡድኑ የሚይዘው ልጅ ቁጥር የተወሰነ ነው።

ነርሷ ከቦስተን፦ ድካምህ ይገባኛል፣ እኔም ልጅ አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህና አትቀየመኝ። ልጅህ የት ነው የተወለደው?

የሚኒሶታው አባት፦ አዲስ አበባ። በዲቪ ስንመጣ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ነርሷ ከቦስተን፦ ዜግነት አግኝቷል?

የሚኒሶታው አባት፦ ገና ነው። አንቺ ደግሞ...

ዴንቨር ታክሲ፦ ኦፍሳይድ! 😂

የሚኒሶታው አባት፦ ሳቁ። እሺ፣ ፓስፖርቱን ትቼዋለሁ። ዕድሜውን ግን አልለቅም። ማሪውቺም ቢሆን ዕድሜውን ብቻ ይዞ ቢከራከር የተሻለ ነበር። ካናዳ ካናዳ ሲል ዋናው ነገር ጠፋበት። ሬንሴለርም የ1954ቱን በሜዳ ነው ያሸነፈው፣ ይሁንለት።

ዴንቨር ታክሲ፦ ይሄንን ካንተ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። ለመሆኑ የልጁ ጫማ ስንት ቁጥር ነው? የእህቴ ልጅ የጠበበው አንድ አለ፣ ስለቱ ገና አልተነካም። በፖስታ እልክልሃለሁ።

የሚኒሶታው አባት፦ አራት። ገመዱን ግን አዲስ ላክልኝ።